ቁጣው ከየት ይመጣል? ከደንበኛ አገልግሎት ሥራ ወደ ቤት ይዘነው የገባነው

የጠዋት ፈረቃ (ይህን የውይይት ክር የከፈተው)

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ በተለጠፈባቸው ቦታዎች ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ በጥሪ ማዕከል፣ ኋላ ደግሞ ሰው በአካል በሚስተናገድበት መስኮት። ጽሑፉ የሚለጠፈው ሁልጊዜ ደንበኛው በሚያየው በኩል ነው። እኛ ፊት ለፊት የሚሰቀለው በሰዓት ስንት ሰው እንዳስተናገድን የሚያሳየው ሰንጠረዥ ነው። ደግሞስ የትኛው ንጉሥ ነው ቁጥር ይዞ ተራ የሚጠብቀው? የትኛውስ ነው ስሙንና የመለያ ቁጥሩን በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ የሚጠየቀው?

ሥራው ያስተማረኝ ከዚያ ጽሑፍ ጋር የማይገናኝ ነገር ነው። ሰው መስኮቱ ፊት የሚያወጣው ቁጣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አልተወለደም። ቀደም ብሎ፣ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰው እጅ የተሠራ ነው፤ በማይነሳ ስልክ፣ ግማሹን ብቻ በሚናገር ማስታወቂያ፣ «ነገ ይመለሱ» ብሎ ነገ ፈቃድ በወጣ ሠራተኛ። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ተጠናቅቆ ነው። ይህን ከተረዳሁ ወዲህ «ይህን ሰው ምን ነካው?» ማለቴን ትቼ «ጉዳዩ የተሰበረው የት ላይ ነው?» ማለት ጀመርኩ። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፤ ምሽት ላይ ግን ራሴን ሳያመኝ ወደ ቤት እንድገባ አድርጎኛል።

አንድ ሰው ላንሳ። ደወለ። አልጮኸም፤ እንዲያውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጥያቄዎ በሂደት ላይ ነው» የሚሉ ሦስት መልእክቶችን፣ የተላኩበትን ቀን እየጠራ፣ አንድ በአንድ አነበበልኝ። ሦስቱም ቃል በቃል አንድ ናቸው። እኔ ፊት ያለው ኮምፒውተር ደግሞ ፋይሉ ማረጋገጫ ክፍል ገብቶ እንደቆመ ያሳያል፤ ምክንያቱ የመታወቂያው የጀርባ ገጽ ቅጂ አለመያያዙ ነው። ይህን ለደንበኛው የነገረው ሰው የለም፤ ምክንያቱም መልእክቱን የሚልከው ማሽን «በሂደት ላይ» ከማለት ሌላ አያውቅም። «ፋይልዎ ያለው እዚህ ክፍል ነው፤ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው፤ የጀርባውን ገጽ ዛሬ ከላኩልኝ ነገ ከሰዓት በፊት እኔው ራሴ ደውዬ አሳውቅዎታለሁ» አልኩት። ጉዳዩ ገና አልተፈታም፤ ትንፋሹ ግን ወዲያው ተለወጠ። ሰው «አይሆንም» የሚለውን መልስ ይችላል። የማይችለው ጉዳዩ የት እንዳለ አለማወቅን ነው።

ከዚያ ወዲህ ለወዳጆቼ «መንገድ ላይ ነኝ» ብዬ አልጽፍም። የት እንደደረስኩ እጽፋለሁ፤ ገና ከቤት ካልወጣሁም አልወጣሁም እላለሁ።

እናንተስ? ምክር ሳይሆን ከሥራው ይዛችሁት የወጣችሁትን ጻፉልኝ።

ባለመስኮቷ

እኔ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። የእኔ ትምህርት ከእጄ ይጀምራል። ገንዘብ ስቆጥር አላወራም። ደንበኛው ቢያናግረኝም ቀና ብዬ ፈገግ እላለሁ፣ ቆጥሬ እስክጨርስ ግን አልመልስም። ከማሽኑ ሲወጣ በእጄ እደግመዋለሁ፤ ስደግመውም እጄን ደንበኛው እንዲያየው ወደ እርሱ አዞራለሁ። ብዙ ሰው «ቶሎ በይ» የሚለኝ በዚህ ጊዜ ነው። «ቶሎ በይ» ያለኝ ሰው ቁጥሬን ስላጠፋብኝ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ ስለዚህ ከሁሉም በላይ የሚዘገየው እርሱ ነው።

ይህን ለማስረዳት ጊዜ ማባከን ትቻለሁ። ከመቁጠሬ በፊት «አሁን ልቆጥር ነው» ብዬ አስቀድሜ ነግሬ እጀምራለሁ። በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ዝምታዬ ንቀት መሆኑ ይቀራል። ቤት ውስጥም ሐሳቤን መሰብሰብ ስፈልግ «ትንሽ ዝም ልል ነው፣ ተቆጥቼ አይደለም» እላለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ አሁን እርሱም ይለዋል።

ተሰላፊው

ይቅርታ፣ እኔ ከመስታወቱ ማዶ ያለሁት ነኝ። ክሩ ደስ ይላል፤ ግን «ቁጣው ሌላ ቦታ የተሠራ ነው» የሚለው ነገር ለእናንተ በጣም የሚመች ነው። እኔ ዘንድ «ሌላ ቦታ» የሚባል ነገር የለም። ድርጅቱን አላውቀውም፤ ማረጋገጫ ክፍል የት እንዳለ አላውቅም። የማየው አንድ ፊት ነው፤ ያም የእናንተ ነው። ደመወዝ የምትቀበሉትም ከዚያው ድርጅት ነው። «እኔን አይመለከተኝም» የሚል መልስ በጨዋ ድምፅ ሲነገርም ያው «እኔን አይመለከተኝም» ነው።

የጠዋት ፈረቃ

ወንድሜ፣ ያልከው ትክክል ነው። «ሌላ ቦታ ነው የተሠራው» የሚለው ለራሴ የምነግረው ነው፤ እንዳልመረር። ለደንበኛው መናገር ግን ድርጅቱን ማማት ነው፤ እርሱንም አይጠቅመውም። ደንበኛው ፊት «እኛ» እላለሁ። «እኛ አዘግይተነዋል።» ያዘገየው እኔ የማላውቀው ክፍል ቢሆንም።

ቁጥር ወዳድ

ደንበኛ ፊት ተቀምጬ አላውቅም። ሥራዬ በየሰዓቱ ስንት ሠራተኛ መኖር እንዳለበት ማስላት ነው፤ ስለዚህ ቁጣው «ሌላ ቦታ» ይሠራል ሲባል ያ ሌላ ቦታ ብዙ ጊዜ የእኔ ሰንጠረዥ ነው። እንደዚህ ያለ ክር ላይ ሒሳብ ማምጣት ያስጠላል፤ ግን ታገሡኝ።

አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የሚባል ዴንማርካዊ የሒሳብ ሰው ለኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ ነበር። ሳይቀጣጠሩ በየፈለጉበት ሰዓት ስለሚደውሉ ሰዎች ያሰላውን የመጀመሪያ ጽሑፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ዛሬም የጥሪ ማዕከላት የሠራተኛ ብዛት የሚሰላው ከእርሱ በመጡ ቀመሮች ነው። የሚገርመው በዚያው በ1909 ሃሪ ጎርደን ሰልፍሪጅ ለንደን ውስጥ ታላቁን መደብሩን ከፈተ፤ «ደንበኛ ሁልጊዜ ትክክል ነው» የሚለው መፈክር ስማቸው ከሚነሣባቸው ነጋዴዎች አንዱ እርሱ ነው። መፈክሩን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ሒሳቡን የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ሰውን ከመናደድ ያዳነው ግን ሒሳቡ ይመስለኛል።

አንድ መስኮት አስቡ። ሰው እንዳጋጣሚ ይመጣል፤ የአንዱ ጉዳይ አጭር፣ የሌላው ረጅም ነው፤ በአማካይ 5 ደቂቃ ይወስዳል እንበል። ሠራተኛዋ ከሰዓቷ 50 በመቶውን ብቻ የምትሠራ ከሆነ አዲስ የመጣ ሰው ተራው እስኪደርስ በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። ሥራዋ ወደ 80 በመቶ ሲያድግ ጥበቃው 20 ደቂቃ ይሆናል። በ90 በመቶ 45 ደቂቃ። በ95 በመቶ ደግሞ 95 ደቂቃ። ከ90 ወደ 95 ያለችው ጭማሪ ለሠራተኛዋ ብዙም የማትታወቅ ናት፤ ለተሰላፊው ግን ጥበቃውን ከእጥፍ በላይ አድርጋበታለች። «ሠራተኞቼ አንዲት ደቂቃ አይቦዝኑም» ብሎ የሚኮራ ኃላፊ፣ ሳያውቀው፣ ወረፋው መጨረሻ የሌለው መሆኑን እየተናገረ ነው።

የእኔ የሕይወት ትምህርት ይኸው ነው። ቀኔን እስከ አፉ አልሞላም። ለራሴ ቀጠሮ ስይዝ በሁለቱ መካከል ባዶ ቦታ እተዋለሁ፤ አንዱ ጉዳይ ሲረዝም የሚከተለው ሰው እንዳይቀጣ።

አለቃ ነኝ ግን አትፍሩኝ

ቁጥር ወዳድ፣ ሒሳብህ ልክ ነው፤ ለእኔ አለቃ መጥተህ አስረዳልኝ። ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ የሚያይ የፋይናንስ ሰው የሚያየው ክፍት መስኮት ሳይሆን ወጪ ነው። ብዙ የጥሪ ማዕከላት 80 በመቶ የሚሆነውን ጥሪ በ20 ሴኮንድ ውስጥ ማንሣትን እንደ ግብ ያስቀምጣሉ፤ ያንን ለመድረስ የሚያስፈልገውን ሰው ቅጠር ስትል ግን ዝም ይሉሃል።

እኔ የተማርኩት ስለ መለኪያ ነው። የተረከብኩት ክፍል ሠራተኞቹን የሚመዝነው በአንድ ጥሪ ርዝመት ነበር። ሪፖርቱ ያማረ ነው፤ አማካዩ በየወሩ ይቀንሳል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን አንዱ ደንበኛ ለአንዱ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ይደውላል። ሠራተኛው ሰዓቱ ሲሞላበት «ወደሚመለከተው ክፍል ላስተላልፍዎ» ይላል፤ መስመሩም ይቋረጣል። ሦስት አጭር ጥሪ ተመዘገበ፤ ሦስቱም ጥሩ ውጤት። አሁን የምንቆጥረው በመጀመሪያው ጥሪ የተፈታውን ጉዳይ ነው። ጥሪዎቹ ረዘሙ፤ ቁጥራቸው ቀነሰ። የፋይናንሱ ሰው አሁንም አልወደደውም።

ልጆቼ ውጤት ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ «ፈተናው ምን ይጠይቅ ነበር?» እላቸዋለሁ። አባት ሆኜ ነው ወይስ አለቃ ሆኜ እንደምጠይቅ እነርሱም አያውቁም።

ቁጥር ወዳድ

አለቃዬ፣ ሰው መቅጠር ካልተቻለ ሁለት ርካሽ ነገሮች አሉ። አንደኛው በየመስኮቱ የተለያየ ሰልፍ ከማሰለፍ ይልቅ አንድ ሰልፍ ሠርቶ ነፃ ወደሆነው መስኮት መላክ ነው፤ ያኔ አንድ ረጅም ጉዳይ ከኋላው ያለውን ሰልፍ ሁሉ ይዞ አይቀርም፤ ኋላ የመጣ ሰው ቀድሞ ሲስተናገድ የሚነሣው ጭቅጭቅም ይጠፋል። ሁለተኛው መናገር ነው። ዴቪድ ማይስተር የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ጥበቃ ሥነ ልቦና ሲጽፍ እንዳለው፣ መጠኑ ያልታወቀ ጥበቃ መጠኑ ከታወቀው ይረዝማል፤ ምክንያቱ ያልተነገረም ከተነገረው ይረዝማል። ከላይ የመታወቂያውን ቅጂ ታሪክ ያነበበ ሰው ይህን ለማመን ማይስተር አያስፈልገውም።

ሌሊት ተረኛ

ሆቴል ውስጥ በሌሊት እንግዳ ተቀባይ ሆኜ የምሠራ ነኝ። ስለ ቁጣ አሠራር ከተነሣ እኛ ዘንድ ቁጣ በዕቅድ ነው የሚሠራው።

ሆቴሎች ካላቸው ክፍል በላይ ይሸጣሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ካስያዙት መካከል ጥቂቶች ሁልጊዜ ይቀራሉ፤ ባዶ ያደረ ክፍል ደግሞ በማግሥቱ መልሶ አይሸጥም። አየር መንገዶችም በመቀመጫ እንዲሁ ያደርጋሉ። አብዛኛው ሌሊት ስሌቱ ይሠራል። ሁሉም የመጡ ሌሊት ግን በመጨረሻ በሩን የሚገፋው ሰው ክፍል የለውም። በመጨረሻ የሚመጣው ደግሞ ማን ነው? ከሩቅ የመጣው፤ በረራው የዘገየበት፤ የደከመው ሰው።

አንዱን ላሳያችሁ። ሻንጣዋን ጎትታ ትገባለች። ፓስፖርቷን ጠረጴዛው ላይ ታኖራለች፤ ዓይኖቿ የቁልፍ ካርዱን ይፈልጋሉ። ብዙ ባልደረቦቼ በዚህች ቅጽበት ኮምፒውተሩን መነካካት ይጀምራሉ። የሚፈልጉት ነገር የለም፤ ክፍል እንደሌለ ከሁለት ሰዓት በፊት ያውቃሉ። የሚነካኩት መናገር ስለከበዳቸው ነው። እንግዳዋም የጣት ድምፅ በሰማች ቁጥር ተስፋዋ ይጨምራል፤ ከዚያ ተስፋ ላይ ነው የምትወድቀው። እኔ እጄን ከኮምፒውተሩ አነሣለሁ። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ እላለሁ፦ «ያስያዙት ክፍል ዛሬ ማታ የለንም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። በቅርብ ያለ ሆቴል ክፍል ይዤልዎታለሁ፣ ክፍያውን እኛ ሸፍነናል፣ መኪናው በር ላይ ቆሟል።» ይህን ለማለት ግን ክፍሉንም መኪናውንም እርሷ ከመድረሷ በፊት ማዘጋጀት አለብኝ። ዋናው ሥራ እዚያ ነው ያለው፤ ንግግሩ ትንሹ ነው።

ትቆጣለች? ትቆጣለች። መብቷም ነው። ግን የምትቆጣው በሆነው ነገር ላይ እንጂ በመታለሏ ላይ አይደለም። እነዚህ ሁለቱ የተለያየ ድምፅ አላቸው፤ ሌሊት የሠራ ሰው ያውቃቸዋል።

ከዚህ ያተረፍኩት መርዶን አዙሮ መናገር መተዌ ነው። ለወንድሜ አንድ ከባድ ነገር መንገር ነበረብኝ፤ በዘመድ ጤና፣ በአየር ሁኔታ አዙሬ ልደርስበት ስል እነዚያ ጣቶች ትዝ አሉኝና ተውኩት።

ጆሮ ማዳመጫ

ሁላችሁም በጣም ደጎች ናችሁ፤ እኔ ግን አልስማማም። ሁሉም ቁጣ ሌላ ቦታ የተሠራ አይደለም። አንዳንዱ ሰው ይዞት የሚዞረው ነው። ጉዳዩ ተፈትቶለት፣ ገንዘቡ ተመልሶለት፣ ይቅርታ ተብሎ፣ ከዚያ በኋላ ተደላድሎ መስደብ የሚጀምር ሰው አለ። መልስ መስጠት የማትችል ሰው አግኝቷላ! ስልኩን ያነሣሁት ሴት በመሆኔ ብቻ «ወንድ አቅርቢልኝ» ያለኝን ሰው ቁጣ የትኛው ማረጋገጫ ክፍል ነው የሠራው?

ታሪኩን ስታዩት ደግሞ ያስቃል። የመጀመሪያዎቹ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኞች ከቴሌግራፍ ቤት የመጡ ወጣት ወንዶች ነበሩ፤ ደዋዩን ይሳደቡ፣ ይቀልዱበትም ነበር። በዚህ ምክንያት ነው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1 ቀን 1878 ቦስተን ውስጥ ኤማ ነት የመጀመሪያዋ ሴት የስልክ ኦፕሬተር ሆና የተቀጠረችው። ድምፅዋ የለዘበ፣ ትዕግሥቷ የበዛ ስለነበር ተወደደላት። ያ ትዕግሥት ከዚያ ወዲህ የሥራው ግዴታ ሆኖ በእኛ ላይ ተጻፈ፤ ተሳዳቢው ብቻ ቦታ ቀየረ።

ስለዚህ እኔ የተማርኩት ስልክ መዝጋትን ነው። በሥርዓቱ። ጩኸቱ በነገሩ ላይ ከሆነ፣ «ይህ የማይረባ ድርጅታችሁ» ከሆነ፣ እሰማለሁ፤ እስከፈለገው ድረስ ይጩኽ። ወደ እኔ ሲዞር «ልረዳዎት እፈልጋለሁ፤ በዚህ አነጋገር ግን መቀጠል አልችልም» እላለሁ። ሲደግም «ከቀጠሉ ጥሪውን አቋርጣለሁ» እላለሁ። ከዚያ አቋርጣለሁ፤ ያቋረጥኩበትን ምክንያት ወዲያው እመዘግባለሁ። ድምፄን አላነሣም፣ አልመልስም፣ አላለቅስም። ከዘመዶቼ ጋር ይህን ማድረግ ስጀምር «ሥራው አበላሻት» ተባለ። እኔ ደግሞ ሥራው ያደረገልኝ ትልቁ ነገር እርሱ ነው እላለሁ።

ተሰላፊው

ጆሮ ማዳመጫ፣ እህቴ፣ ይህን ከድርጅቱ ማዶ ሆኜ ስሰማ ደስ አለኝ። እኛም ከኋላው ቆመን የምንሰማው ነው፤ አንዱ ተሳዳቢ ሲቀድመን የምንከፍለው እኛ ነን።

ገመዱን ነቅለው ይሰኩት

የቴክኒክ ድጋፍ። ስሜ ሥራዬን ይናገራል።

ከምንቀበላቸው ጥሪዎች ብዙዎቹ የሚፈቱት ገመድ በደንብ በመሰካት ነው። ችግሩ «ገመዱ ተሰክቷል?» ብሎ መጠየቅ ስድብ መሆኑ ነው። ደዋዩ ሳያይ «እንዴ! እንዴታ፣ ተሰክቷል» ይላል፤ አንዴ ካለ ደግሞ ሄዶ አያየውም፤ ቢያየውም አይነግርህም። ስለዚህ «ገመዱን ነቅለው ጫፉ ላይ አቧራ ካለ ጠርገው መልሰው ይሰኩልኝ» እንላለን። አቧራው ሰበብ ነው። ከጠረጴዛው ሥር ትንሽ ኮሽታ፣ ትንሽ ዝምታ፣ ከዚያ «አሃ፣ አሁን ሠራ፤ አቧራ ነበረበት» ይላል። እኔም «አዎ፣ አቧራ ያስቸግራል» እላለሁ። ሁለታችንም እናውቃለን። ማንም አልተዋረደም።

ይህን ከማወቄ በፊት ክርክር ማሸነፍ ማለት ሌላው «ተሳስቻለሁ» ሲል መስማት ይመስለኝ ነበር። አሁን ለተከራካሪዬ አቧራ አዘጋጅለታለሁ።

ሌላ አንድ ነገር፦ የጥሪው መጨረሻ። ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ሙከራ ሰዎች እጃቸውን በ14 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀዝቃዛ ውኃ ለ60 ሴኮንድ ያዙ። በሌላ ዙር ያንኑ 60 ሴኮንድ ከያዙ በኋላ ውኃው ወደ 15 ዲግሪ ቀስ እያለ ሲሞቅ 30 ሴኮንድ ተጨመረባቸው። የትኛውን ትደግሙታላችሁ ሲባሉ የሚበዙት ረጅሙን መረጡ፤ አጨራረሱ ስለተሻለ። እኛ ደግሞ የምንጨርሰው እንዴት ነው? ምንም ሳንፈታለት «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» ብለን። ቀጥሎም «አገልግሎታችንን ከ1 እስከ 5 ይመዝኑ»። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀውን ሰው አንድ ቀን ስልክ ላይ ማስቀመጥ ነበር።

ቅሬታ አንባቢ

በጽሑፍ የሚመጣ ቅሬታ የማነብ ነኝ፤ ስለዚህ ድምፅ አልሰማም። ደብዳቤን ከመጨረሻው አንቀጽ ጀምሬ ነው የማነበው። የመጀመሪያዎቹ አንቀጾች ቁጣ ናቸው፤ ጥያቄው ያለው ከታች ነው፤ ብዙ ጊዜም ከቁጣው በጣም ያነሰ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ ድርጅቱን ለፍርድ ሲያቀርብ የቆየ ሰው መጨረሻው ላይ «ቢያንስ ደረሰኙን ላኩልኝ» ይላል። ደረሰኙን ወዲያው ልኬ ከዚያ ወደ ላይ ተመልሼ ለቀረው እመልሳለሁ። በተገላቢጦሽ ከሠራን፣ ማለት ለእያንዳንዱ ክስ መከላከያ ጽፈን ደረሰኙን ከረሳን፣ የሚቀጥለው ደብዳቤ አራት ገጽ ነው።

ስለ ይቅርታም ልበል። «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማን ጠየቀ? ለምኑ? የምጽፈው ይቅርታ ሦስት ነገር ካልያዘ አልልከውም፦ ምን እንዳደረግን፣ አሁን ምን እንደተደረገ፣ ቀጣዩ ነገር መቼ እንደሚሆን።

አለቆች ደግሞ አንድ የሚወዱት ነገር አለ፤ ጥፋት ደርሶበት በደንብ የተካሰ ደንበኛ ምንም ካልደረሰበት ደንበኛ ይበልጥ ይረካል የሚል። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ተመራማሪዎች ሲከራከሩበት የቆዩት ነገር ነው። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ እርካታ ላይ እውነትነት እንዳለው አግኝቷል፤ ተመልሶ መግዛት ላይ ግን አላገኘም። እኔ ከደብዳቤዎቹ የማየውም እርሱን ነው። የሚያመሰግን ደብዳቤ ይጽፋል፣ ከልቡ ነው፤ ከዚያ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ያው ጥፋት ሁለተኛ ከደረሰበት ደግሞ ምስጋናውንም ያነሣል። ከሰው ጋር ስጣላም ይቅርታዬ ተቀባይነት አገኘ ማለት ነገሩ እንደ ቀድሞው ተመለሰ ማለት አድርጌ አልወስደውም።

ባለመስኮቷ

እስካሁን ያልተነሣ ነገር፦ ፊታችን። አርሊ ሆክሽልድ የምትባል አሜሪካዊት የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ስሜት ጉልበት ጽፋለች። ያጠናችው የበረራ አስተናጋጆችንና ዕዳ ሰብሳቢዎችን ነው። አንደኞቹ ደመወዝ የሚከፈላቸው ፈገግ ለማለት ነው፤ ሁለተኞቹ ፊታቸውን ለማጥቆር። ሁለቱም ግን የማይሰማቸውን ስሜት ቀኑን ሙሉ ያመርታሉ። አንዱ መንገድ ፊትን ብቻ መቀየር ነው፤ ሌላው እውነትም እንዲሰማህ ራስህን ማሳመን። ሁለተኛው ለደንበኛው ይሻላል፤ ለሠራተኛው ግን፣ ማታ ላይ፣ የቱ የራሱ ስሜት እንደሆነ ያደናግረዋል።

አንድ ቀን ማታ ልጄ ስታለቅስ «ምን ልርዳሽ?» አልኳት፤ በሥራ ቦታ ድምፄ። «እንደዚያ አታናግሪኝ» አለችኝ። ስድስት ዓመቷ ነው። ድምፁን ከየት እንደለየችው አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስወጣ እስከ ቤቴ ድረስ ያለውን መንገድ ሳልናገር፣ ስልክ ሳላነሣ፣ ፊቴንም እንደፈለገ ትቼው እሄዳለሁ። መንገደኛው የተቆጣሁ ይመስለዋል። ይምሰለው።

ሌሊት ተረኛ

ባለመስኮቷ፣ እኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው የደረሰብኝ። በተፈጥሮዬ ኩርፍተኛ ነኝ። ለሥራ ብዬ ሰላምታ መስጠት ለመድኩ፤ ጎረቤቶቼ ሳይቀሩ ተጠቀሙበት። የማይሰማን ፈገግታ ሁሉ ጉዳት አይመስለኝም።

ባለመስኮቷ

አንተ ሌሊት ነው የምትሠራው፤ የምታየው ሰው ጥቂት ነው። በቀን ናና እንነጋገር።

ጀማሪ ነኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰኞ በጥሪ ማዕከል ሥራ እጀምራለሁ። ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ግማሹ አበረታኝ፣ ግማሹ አስፈራኝ። ሥልጠናው ላይ የምናነበው ጽሑፍ ተሰጥቶናል፤ ከዚያ ውጭ መናገር አይፈቀድም ተብለናል። ታዲያ እናንተ ያላችሁትን የት ላይ ልጨምረው? ታላላቆቼ ናችሁና ንገሩኝ።

የጠዋት ፈረቃ

ጽሑፉን አንብብ፤ መጀመሪያ ላይ ያስፈልግሃል። ግን በጽሑፉ መካከል መተንፈስ አልተከለከለም። ሰውዬው ጉዳዩን ተናግሮ ሲጨርስ ወዲያው አትመልስ፤ የተረዳኸውን በራስህ አነጋገር መልሰህ ንገረውና «ልክ ነኝ?» በለው። ይህ በየትኛውም ጽሑፍ ላይ ክልክል አይደለም። የምትመዘግበውንም ማስታወሻ ነገ ለሚደውልለት ባልደረባህ ብለህ ጻፈው፤ «ደንበኛው ተነግሮታል» ብለህ አትተው፤ ምን እንደተነገረው ጻፍ።

ጆሮ ማዳመጫ

ጥሪ ማቋረጥ የሚፈቀድልህ መቼ እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ጠይቅ፤ መልሱን በጽሑፍ ስጡኝ በል። «እንደ ሁኔታው ነው» ካሉህ ማንን ጠርተህ እንደምታስተላልፍ ስሙን ያዝ።

አለቃ ነኝ ግን አትፍሩኝ

በጽሑፍ ጠይቅ የሚለውን እደግፋለሁ፤ አለቃህ እኔ ብሆን ግን አኮርፍ ነበር።

ጀማሪ ነኝ

አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ትንሽ ያሳፍራል፤ ጠረጴዛ ላይ ውኃ መያዝ ይፈቀዳል?

ገመዱን ነቅለው ይሰኩት

ክዳን ያለው ዕቃ ከሆነ። ክዳን ከሌለው የምትደውልልኝ እኔ ጋ ነው፤ ያኔ አቧራ ነው አልልህም።